«ገብቷል» ሲሉኝ ላፕቶፔን አስረከብኩ

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.። ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዤ፣ ላፕቶፔን ሊገዛ የሚመጣ ልጅ እጠብቃለሁ። ላፕቶፑን የገዛሁት ከዓመታት በፊት፣ ከደመወዜ በየወሩ እየቆጠብኩ ነው። መሥሪያ ቤቴ ሌላ ስለሰጠኝ የራሴን ሸጬ የታናሽ ወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ ልሸፍንበት አሰብኩና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ዋጋውን 45 ሺህ ብር አልኩ።

ማታ ቤቴ ስገባ ላፕቶፑም የለም፣ ገንዘቡም የለም።

ለወራት ለማንም አልተናገርኩም። አፍሬ ነበር። «አንቺ የተማርሽ ሰው እንዴት ትሸወጃለሽ?» የሚለውን መስማት አልፈለግሁም። አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራት ዝም ብላ ቆየችና «የእኔም ስልክ እንዲሁ ነው የሄደው» አለችኝ። እሷም ለባሏ እንኳ ሳትናገር ደብቃው ኖራለች። «ጠፋብኝ» ነው ያለችው። ይህን መጻፍ የፈለግሁት ያን ቀን ነው። እኛ አፍረን ዝም ስንል፣ እነሱ በዚያው ዘዴ ቀጣዩን ሰው ይበላሉ።

ልጁ የደወለልኝ ሐሙስ ማታ ነበር። ትሁት ነው፤ «እህቴ» እያለ ነው የሚያወራኝ። የሚጠይቀውም ገዢ የሚጠይቀውን ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ተፈትቶ ያውቃል? ቻርጀሩ የራሱ ነው? 43 ሺህ አድርጊልኝ አለ፤ እሺ አልኩ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዕቃ ሸጣችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህ እንግዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእውነት ገዢ ዕቃውን ብብቱ ሥር አድርጎም «የትራንስፖርት ቀንሺልኝ» ይላል። ገንዘብ የማያወጣ ሰው ግን ዋጋው አያስጨንቀውም። እኔ ያኔ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ዓርብ ማታ ሂሳብ ቁጥሬን ጠየቀኝ። «ነገ እዚያ ቁጭ ብለን ከምንጽፍ አሁኑኑ ልመዝግበው» አለ። ላክሁለት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ግድም መጣ። ንጹሕ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንጠልጥሏል። ሻይ አዘዘ። ላፕቶፑን ሃያ ደቂቃ ያህል ፈተሸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ፣ ካሜራውን ከፈተ፣ የስክሪኑን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ አየ። እንዲህ አድርጎ የሚፈትሽ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣ ነው ብዬ አመንኩ። አሁን ሳስበው፣ በማግስቱ ለሌላ ሰው የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ነው የፈተሸው። ማውሱንና ቦርሳውን በምርቃት ጨመርኩለት።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። የባንኩን አፕ ከፈተ፣ ሂሳብ ቁጥሬን አስገባ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ስምሽ ይሄ ነው አይደል?» አለኝ። አየሁት። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ አንድም ፊደል ሳይዛነፍ። «አዎ» አልኩ። ስልኩን ወደ ራሱ መለሰና ሚስጥር ቁጥር እንደሚያስገባ ሰው በእጁ ከለል አድርጎ ነካካ። እንደገና አዞረልኝ። አረንጓዴ ምልክት፣ 43,000.00 ብር፣ ስሜ፣ ቀኑ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ። ወዲያው የእኔ ስልክ ጮኸ። ሜሴጅ ነው። ከፈትኩት፤ ባንኬ ሁልጊዜ እንደሚልክልኝ ስሜን ጠርቶ ይጀምራል፣ 43 ሺህ ብር ገቢ ሆኗል ይላል፣ ቀሪ ሂሳቤን በኮከብ ምልክት ሸፍኖ ያሳያል።

«ገብቷል፣ ሜሴጅ ደረሰሽ አይደል?» አለኝ።

አፑን ልክፈት ብዬ ሞከርኩ። ይሽከረከራል፣ አይከፍትም። ዝናብ ነው፣ ዳታውም ደካማ ነው። ልጁ አየኝ። ፊቱ ላይ መከፋት ታየበት። «እህቴ፣ ካላመንሽኝ ልጠብቅ እችላለሁ። ግን እናቴን ሐኪም ቤት ትቻት ነው የመጣሁት፣ ታክሲውም ውጭ ቆሟል» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። በአጠገባችን ያሉት ሰዎች የሰሙ መሰለኝ። እኔም «ኧረ ምን ነካህ፣ እንዴት አላምንህም፣ በል ሂድ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ» አልኩት።

ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ በእጄ ሰጠሁት። እናቱን መርቄ ሸኘሁት።

ብዙ ጊዜ ያሰብኩት በዚያች ደቂቃ ላይ ነው። የተሸነፍኩት በቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። ሜሴጁ ባይመጣ፣ ስክሪኑ ባይታይ እንኳ ልሰጠው እችል ነበር፤ ምክንያቱም ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «አታምኚኝም ወይ?» ሲለኝ «አዎ፣ አላምንህም» ማለት አልችልም። እንዲህ አይደለም ያደግነው። ይሉኝታ ብለን የምንጠራው ይሄ ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ ያኖረ ጥሩ ነገር ነው። እነሱ ግን አጥንተውታል። የእናት ሕመም፣ የሚጠብቅ ታክሲ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ሁሉም የተዘጋጀው እኛን ለማሳፈር ነው።

ቤት ገብቼ በዋይፋይ አፑን ከፈትኩ። ጠዋት የነበረኝ 6 ሺህ ምናምን ብር እንደነበረ ነው። አልደነገጥኩም፤ ከሌላ ባንክ ስለላከ ዘግይቶ ይሆናል አልኩ። እሱም ስደውልለት «ከሌላ ባንክ ስለሆነ ሰኞ ይገባል፣ አትጨነቂ» አለኝ። እሁድ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ማታ ተናድጄ ቴሌግራም ላይ «ሌባ! ለፖሊስ ነው የምሰጥህ» ብዬ ጻፍኩለት። ትልቁን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስመለስ የጻፍናቸው ነገሮች በሙሉ ከስልኬ ላይ ጠፍተዋል። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የሁለታችሁንም መልእክት ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የላከው ስክሪንሾት፣ ፎቶው፣ የተጠቃሚ ስሙ፣ ሁሉም ሄደ። እኔ ጋ የቀረው ስልክ ቁጥሩና ያ የውሸት ሜሴጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንደተጭበረበራችሁ በጠረጠራችሁ ደቂቃ፣ ሳትሳደቡ፣ ሳትዝቱ፣ ሁሉንም ነገር ስክሪንሾት አንሱ። ስሙን፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልኩን፣ ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ ያለውን ንግግር። ለምታምኑት ሰው ላኩትና እሱም ጋ ይቀመጥ። ንዴቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄድኩ። ሜሴጁ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር ለገንዘብ ተቀባይዋ ሰጠኋት። መታችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሩን አየችና «እህቴ፣ ይሄ ቁጥር የቅዳሜ አይደለም» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። የእኛ ባንክ የማስተላለፊያ ቁጥር «ኤፍቲ» ከሚሉት ፊደሎች ይጀምራል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው። ከዚያ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ጀምሮ የተቆጠሩ ቀናት ናቸው። እኔ የያዝኩት «25171» ይላል፤ የ2025 አንድ መቶ ሰባ አንደኛ ቀን፣ በእኛ ሰኔ 13። ያ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ «25228» ነበር መሆን የነበረበት። ልጁ የሰውን የድሮ ደረሰኝ አግኝቶ ስሙን፣ ቀኑንና ገንዘቡን ቀይሮ፣ ቁጥሩን ረስቶታል።

ስሜን ደግሞ የት አገኘው? ሂሳብ ቁጥሬን ዓርብ ማታ ሰጥቼዋለሁ። ሂሳብ ቁጥር አፑ ላይ ሲገባ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የባለቤቱ ሙሉ ስም ይመጣል፤ ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ የተሠራ ነው። ቴሌብርም ላይ ስልክ ቁጥር ስታስገቡ የሰውየው ስም ይታያል። ልጁ ዓርብ ማታ ስሜን አይቶ፣ ደረሰኙን አዘጋጅቶ፣ የሜሴጁን ጽሑፍ ከእውነተኛው ገልብጦ ቅዳሜ ይዞ መጣ። ካፌ ውስጥ ስሜን ያሳየኝ እውነተኛው አፕ ነው። ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ ሲመልሰው ያየሁት አረንጓዴ ምልክት ግን አስቀድሞ የተሠራ ምስል ነው። ሜሴጁን የላከው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ጓደኛው መሆን አለበት።

ያንን ሜሴጅ ዛሬም አላጠፋሁትም። አንዳንዴ እከፍተውና አየዋለሁ። ላኪው በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ነው። ከላይ፣ ከጽሑፉ በላይ፣ በግልጽ ተጽፏል። ካፌው ውስጥም እዚያው ነበር። እኔ ያነበብኩት ብሩን ነው፤ ላኪውን አላየሁም።

የባንኬ መልእክት ሁልጊዜ የሚመጣው በባንኩ ስም ነው። የቴሌብር ደግሞ ከ127 ነው። ሌላው ቀላል ምልክት ይሄ ነው፦ እውነተኛው መልእክት ሲመጣ ከድሮዎቹ ሥር ይሰለፋል። ወደ ላይ ብትገፉት ያለፈው ወር ደመወዛችሁ፣ ያኔ የላካችሁት የቤት ኪራይ ሁሉ እዚያው አለ። የውሸቱ ግን ብቻውን ነው የሚቆመው፣ ከላዩ ምንም የለም። ይህን ማየት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ይሁን እንጂ ይሄም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ የላኪን ስም አስመስሎ መላክ የሚችሉ አሉ።

እኔ አሁን የማምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ ስልክ የከፈትኩትን ቀሪ ሂሳቤን። ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳየኝ ነገር ክፍያ አይደለም። የሚልክልኝ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። ስልኬ ላይ የገባው ሜሴጅም ክፍያ አይደለም፤ «ሂጂና እዪ» የሚል ጥሪ ነው።

«ኔትወርክ ከሌለስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያን ቀን የተበላሁት በእሱ ነው። ግን ዳታ ባይኖርም ይቻላል። ንግድ ባንክ ላላችሁ *889# ደውላችሁ፣ ቴሌብር ላላችሁ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ማየት ትችላላችሁ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሌሎቹም ባንኮች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ አስከፍቱት። ገዢው ፊታችሁ ቆሞ ሳለ የምትማሩት ነገር መሆን የለበትም። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ዝናቡ ምንም አያደርገኝም ነበር። ሁለቱም መንገድ እምቢ ካሉ ደግሞ ዕቃው አይሰጥም። ይህን ያህል ነው።

ደረሰኙ ላይ ያለውን ባለ ጥቁርና ነጭ ካሬ ኮድ ስካን አድርጎ ማጣራትም ጥሩ ነው። ግን የሚከፈተው ገጽ የባንኩ የራሱ መሆኑን እዩ፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ደረሰኝ ማጣራት ሁለተኛ ሥራ ነው። ቀሪ ሂሳብ ማየት የመጀመሪያው ነው።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። መርማሪው በጥሞና ነው የሰማኝ። ቃሌን ሰጠሁ፣ ሜሴጁን በወረቀት አትሜ አስገባሁ፣ የባንኬን መግለጫም ጨመርኩ። እንዲህ ያለው ነገር በወንጀል ሕጋችን ማታለል ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ስልክ ቁጥሩ የወጣው በሌላ ሰው ስም ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ልጁ አልተያዘም። ቢሆንም አመልክቱ እላለሁ። መርማሪው እንዳለኝ፣ በአንድ ቁጥር ላይ ሦስትና አራት አቤቱታ ሲሰበሰብ ነው ፍለጋው መስመር የሚይዘው።

ከዚያ በኋላ ሸጬ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ኅዳር ላይ ሶፋዬን ሸጥኩ። ያኔ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ። ዋጋው 18 ሺህ ነበር። አንዲት ሴት ደውላ ተስማማን፤ ሂሳብ ቁጥር ወሰደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 28 ሺህ ብር ገብቷል የሚል ሜሴጅ መጣ። ወዲያው ስልክ፤ ሴትየዋ እያለቀሰች ነው። «የኔ እናት፣ 18 ልል 28 ጻፍኩ። የሰው ገንዘብ ነው፣ አለቃዬ ከሥራ ያባርረኛል። አሥሩን ሺህ ብቻ መልሺልኝ፣ ሶፋውን ነገ አነሳለሁ።»

ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። ለቅሶዋ የእውነት ይመስላል። ግን እጄ ወደ አፑ ሄደ። አንድም ሳንቲም አልገባም። ሜሴጁንም ሳየው ከተራ ቁጥር ነው። «እህቴ፣ ተሳስተሽ ከሆነ ባንክሽ ሂጂና በእነሱ በኩል ይመለስልሽ፤ እኔ እፈርምልሻለሁ» አልኳት። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ስልኩ ተዘጋ።

ይህን ዘዴ በደንብ እዩት፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው። ዕቃችሁን አይፈልጉም። እናንተ ከራሳችሁ ኪስ እውነተኛ ገንዘብ እንድትልኩላቸው ነው የሚፈልጉት። የእውነት ተሳስቶ የላከ ሰው ቢያጋጥማችሁ እንኳ በራሳችሁ እጅ አትመልሱ፤ ባንኩ ይጨርሰው።

አንድ ደግሞ ትንሽ የሚባል ግን ብዙ ሰው የሚበላበት አለ። በእውነት ይልካሉ፤ ሜሴጁም ከእውነተኛው ባንክ ይመጣል። ግን የላኩት 3,800.00 ነው፣ ዋጋው 38 ሺህ ሆኖ። ጥድፊያ ላይ ያለ ዓይን ሦስት፣ ስምንት፣ ብዙ ዜሮ ያያል፣ ያልፋል። የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን የሸጠው እንዲህ ነው። ነጥቧን ቁጠሩ። ከነጥቧ በኋላ ያሉት ሁለት ዜሮዎች ሳንቲም ናቸው።

«ገንዘብ ለመቀበል ይህን ሊንክ ተጫኚ»፣ «የመጣልሽን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ንገሪኝ»፣ «ፒንሽን አስገቢና ክፍያው ይለቀቃል» ለሚሉት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገንዘብ ለመቀበል ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ባንክ የለም። ሚስጥር ቁጥር የሚጠየቀው ከእናንተ ገንዘብ ሲወጣ ነው።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ሞተረኛ እልካለሁ» ሲሏችሁም ተጠንቀቁ። ሞተረኛው ምንም የማያውቅ፣ እንጀራውን የሚፈልግ ልጅ ነው ብዙ ጊዜ። እሱን ብትይዙት ማንንም አልያዛችሁም። ሞተረኛ ይምጣ፣ ችግር የለም፤ ግን ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ሳይታይ ዕቃው ሞተሩ ላይ አይጫን።

ቼክም እንዲሁ ነው። አጎቴ ጄኔሬተር ሲሸጥ ገዢው ቼክ ሂሳቡ ውስጥ ያስገባበትን ወረቀት አምጥቶ አሳየው። ማኅተም አለው፣ እውነተኛ ነው። ግን ቼክ መግባቱና ገንዘብ መግባቱ የተለያየ ነው። ቼኩ በባዶ ሂሳብ የተጻፈ ነበርና ተመለሰ፤ ጄኔሬተሩ ግን ሄዷል።

ታላቅ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ታሪኬን ስነግራት «እዚህ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም» አለችኝ። ወር ሳይሞላ ደወለችልኝ። የልጇን ጋሪ በ150 ዶላር ልትሸጥ ፌስቡክ ላይ ለጥፋ ነበር። ገዢው በዜል፣ እዚያ ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ በስልክ በሚላክበት አገልግሎት፣ ልኬያለሁ አላት። ኢሜይል መጣላት፤ የዜል ዓርማ አለው። «ሂሳብሽ የግለሰብ ስለሆነ ወደ ንግድ ሂሳብ መቀየር አለበት፤ ለዚህ ገዢው 300 ዶላር ጨምሮ መላክ አለበት» ይላል። ቀጥሎ ገዢው «300 ጨምሬ ልኬልሻለሁ፣ አሁን እሱን መልሺልኝ» አላት። እህቴ የባንኳን አፕ ከፍታ አየች፤ የገባ ነገር የለም። የኢሜይሉን አድራሻ ስታይ ማንም ሰው በነፃ የሚከፍተው የጂሜይል አድራሻ ነው። አገሩ ተለየ፣ አፑ ተለየ፣ ዘዴው ግን ያው ለእኔ ያለቀሰችው ሴት ዘዴ ነው። በዜል አንዴ የላካችሁትን ማስመለስ ከባድ እንደሆነ ደግሞ እዚያ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን ስሸጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ሥር አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ «ዕቃ የማስረክበው ክፍያው ሂሳቤ ላይ ከታየ በኋላ ነው።» ይህችን መስመር አይተው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀጠሮዬን በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት አደርጋለሁ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ እንገናኝ እላለሁ። የእውነት ገዢ እሱንም ስለሚጠብቀው ደስ ይለዋል። ቅዳሜ ማታና የበዓል ዋዜማ አልሸጥም። ሂሳብ ቁጥሬን ዕቃው ታይቶ ዋጋው ካለቀ በኋላ፣ እዚያው ነው የምሰጠው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አፌን ማስለመድ ነበር። «ቆይ ልይ» ማለት። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እናንተም ከቸገራችሁ እኔ የምለውን ውሰዱት፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ማንም ሰው ቢሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሂሳቤ ላይ እስኪታይ አብረን እንጠብቅ፣ ሻዩ በእኔ ነው።» ይህን ስትሉት የእውነት ገዢ «እሺ» ይላል። ሌላኛው ይቆጣል፣ ወይ ይለምናል፣ ወይ ሰዓቱን ያያል። እስካሁን ሌላ መልስ አልገጠመኝም።

ጥር ላይ ፍሪጄን ሸጥኩ። የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ከሸኚ አጎታቸው ጋር። ፒካፕ ይዘው መጥተዋል፣ ሁለት ጫኞችም ደጅ ቆመዋል። ልጁ ከሌላ ባንክ ላከልኝ። ስልኩ ላይ «ተልኳል» ይላል። እኔ ጋ ምንም የለም። ዓይኑን አየሁት፤ ላብ ላብ ብሎታል። ደረቴ ውስጥ ያ የካፌው ቀን ተመለሰ። ያቺን ቃሌን አልኩ።

አጎትዬው ቀድመው መለሱ። «ልክ ነሽ ልጄ፣ ጠብቂ። እኔም ብሆን አልሰጥም» አሉና ጫኞቹን «እናንተም ግቡና ተቀመጡ» አሏቸው።

ቡና አፈላሁ። አቦሉ ተጠጣ፣ አልመጣም። ሙሽራዋ ስለ ቤታቸው ታጫውተኛለች፣ ባሏ በየደቂቃው ስልኩን ያያል። ቶናውን እየቀዳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሁሉም ዝም አሉ። ሜሴጁን አልከፈትኩትም። ጀበናውን አስቀምጬ እጄን በነጠላዬ ጠረግሁ፣ አፑን ከፈትኩ፣ ሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ ቀሪ ሂሳቤን አየሁ።

«ገብቷል» አልኳቸው።